ጂሜይል፦ ሲከፈት ቀላል፣ ሲቆለፍ መከራ

ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወጣ፣ ከአሜሪካ ኤምባሲ ብዙም ሳይርቅ፣ ጠባብ የጽሕፈትና የኢንተርኔት ቤት አለችኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ፣ አንድ ስካነር፣ ለጉርድ ፎቶ የሚሆን ነጭ ጨርቅ፤ ሌላ ንብረት የለኝም። ሰው የሚመጣልኝ ለቪዛ ፎርም፣ ለሥራ ማመልከቻ፣ ለስኮላርሺፕ፣ ለፓስፖርት ቀጠሮ፣ ወቅቱ ሲደርስ ደግሞ ለዲቪ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ኢሜይል የማይጠይቅ የለም ማለት ይቻላል። ደጃፌ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ «ታይፕ፣ ፕሪንት፣ ኮፒ» ቢልም ጉልበቴን የሚጨርሰው ኢሜይል ነው፦ መክፈት፣ ማስተካከል፣ ተቆልፎ ሲመጣ ደግሞ መለማመጥ።

«የቱ ይሻላል?» ይሉኛል። መልሴን ከነምክንያቱ አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ለአብዛኛው ሰው ጂሜይል ይሻላል። ከአሥር ሰባት ተኩል እሰጠዋለሁ። ሁለት ተኩሉን የቀነስኩት ከሞላ ጎደል በአንድ ጉዳይ ነው፦ በነጻ የሚጠቀም ሰው መግቢያው ሲጠፋበት ደውሎ የሚያናግረው የሰው ልጅ የለም። የሚፈርደው ኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ አስቀድማችሁ ከሰጣችሁት ማስረጃ ሌላ አያምንም። የተከፈተ ቀንማ ሁሉም ኢሜይል ያምራል። እኔ የምመዝነው በተቆለፈበት ቀን ነው።

አከፋፈቱ ላይ ጂሜይልን ብዙ አልወቅሰውም። ገጹ በአማርኛ ይሠራል፤ የሚጠይቀው ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታ፣ አድራሻ፣ ፓስወርድና ስልክ ነው። የእኛ ሰው ግን እዚሁ ላይ ይሰናከላል፣ ቅጹ የተሠራው ለሌላ ሕዝብ ነዋ። ስም ሲል የራስና የቤተሰብ ብሎ ይከፍላል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ አንዱ የአባቱን ይጽፋል፣ አንዱ የአያቱን፣ አንዱ ሁለቱንም አጣብቆ። የእኔ ደንብ ቀላል ነው፦ ፓስፖርት ያለው ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ የሌለው ስሙንና የአባቱን ስም። አድራሻውም እንደዚያው። ፀሐይ የሚባል ሰው ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ዲግሪው ላይ በአንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ፣ ኢሜይሉ ላይ በሦስተኛ ዓይነት ከጻፈ፣ ቀጣሪው ሦስት ሰው ያመለከተ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ለአድራሻው ከ6 እስከ 30 ፊደል ይፈቀዳል። ስምና የአባት ስም ይበቃል፤ ተይዟል ካለ የአያትን ስም መጀመሪያ ፊደል ጣል ማድረግ ነው። የትውልድ ዓመት አልጨምርም፤ ዕድሜን ለማያውቁት ሰው ሁሉ ማስነበብ ምን ይጠቅማል? አንዲት ገና የተመረቀች ነርስ «ስዊት ቤቢ» የሚል አድራሻ ይዛ ለሆስፒታል ልታመለክት መጥታ አዲስ እንድትከፍት ለማሳመን ማስረጃዋን ስካን ከማድረግ የበለጠ ጊዜ ወስዶብኛል። «ኤጭ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ በሱ ነው» ትላለች። ለጓደኞችሽ ይቆይ፣ ለሜትሮኗ ግን በስምሽ ይሁን አልኳት። በነገራችን ላይ ጂሜይል በአድራሻ መሐል ያለችን ነጥብ አይቆጥርም፤ ነጥቧን ረስቶ የጻፈላችሁ ሰው ደብዳቤው ይደርሳችኋል፣ በነጥብ ብቻ የሚለይ አድራሻም ለሌላ ሰው አይሰጥም። ትንሽ ነገር ናት፣ ግን ብዙ ደብዳቤ ከመጥፋት አድናለች።

የትውልድ ቀን ሌላው ጉድ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1995 የተወለደ ልጅ 1995 ብሎ ሲሞላ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያረጃል። ዕለቱን የሚጎዳው ነገር የለም። በኋላ ግን አንዱ ቦታ የፓስፖርቱን፣ ሌላው ቦታ የክርስትና ካርዱን ቀን ሲሞላ ይኖርና ስለ ራሱ የሰጠው መረጃ እርስ በርሱ ይጋጫል። የባሰው ደግሞ ተቻኩሎ ዓመቱን ዘንድሮ ላይ ትቶ የሚያልፈው ነው፤ ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ብቻውን አካውንት መክፈት ስለማይችል ትልቁ ሰውዬ እንደ ሕፃን ይመለሳል። ጳጉሜን 3 የተወለደች ደንበኛ «የኔ ወር የለም እኮ!» ብላ ኮምፒውተሩ ላይ ስትስቅ ነበር። ሴፕቴምበር 8 ነው። የማታውቁት ከሆነ ከመሙላታችሁ በፊት አስልታችሁ ወይም አስልቶ የሚሰጥ ሰው ጠይቃችሁ ኑ፤ በግምት አትሙሉ።

አሁን ወደ ዋናው ወደ ስልኩ።

ጂሜይል ሲከፈት በስልክ ኮድ ይልካል፤ አንዳንዴ ከራሳችሁ ስልክ መልእክት እንድትልኩለት ይጠይቃል። ዓላማው ሰው መሆናችሁን ማረጋገጥ ነው። ሰው ግን የሚያስበው ስልኩ ለዚያች ደቂቃ ብቻ እንደሚፈለግ ነው። አይደለም። ያ ቁጥር ከዚያች ቀን ጀምሮ የቤታችሁ ቁልፍ ነው። አንዳንድ ኢንተርኔት ቤቶች ይህን እያወቁ፣ ደንበኛው ስልኩን ረስቶ ሲመጣ ወይም ባትሪው ሲያልቅ፣ «ችግር የለም» ብለው በራሳቸው ቁጥር ይከፍቱለታል። ሰውየው አድራሻውና ፓስወርዱ የተጻፈባትን ብጣሽ ወረቀት ይዞ ደስ ብሎት ይሄዳል። ቁልፉን ለማያውቀው ጎረቤት ትቶ ቤት እንደመግዛት ነው። አዲስ ስልክ ገዝቶ ልግባ ሲል ኮዱ የሚሄደው ያኔ ኮምፒውተሩ ላይ ወደነበረው ልጅ ነው፤ ልጁ ደግሞ ሥራውን ለቆ ሐዋሳ ገብቷል። በዚህ ላይ አንድ ቁጥር ሊያረጋግጥ የሚችለው አካውንት ገደብ አለው፤ ገደቡ ሲሞላ «ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ጥቅም ላይ ውሏል» ይላል። ያኔ እነዚሁ ቤቶች የወንድማቸውን፣ ቀጥሎ የዘበኛውን ስልክ ይዋሳሉ። አንዳንድ ኢሜይል በማን ስልክ እንደተከፈተ የሚያውቅ ሰው ከምድር ላይ ጠፍቷል።

ይህ ነገር ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ከዐረብ አገር የሚመለሱ እህቶቻችንን ነው። ሪያድ፣ ቤይሩት ወይም ዱባይ ሳሉ በዚያ አገር ሲም ይከፍታሉ፤ በ+966፣ በ+961 ወይም በ+971 የሚጀምር ቁጥር ነው። ሲመለሱ ሲሙ ይሞታል፤ ከነጭራሹ ተነጥቀው የሚመጡም አሉ። ስልክ ተቀይሮ ለመግባት ሲሞከር ኮዱ ወደዚያ ወደ ሞተው ቁጥር ይሄዳል። አንዲት ከሪያድ የተመለሰች ደንበኛዬ የሥራ ውሏና የደመወዟ ማስረጃ በሙሉ በዚያ ኢሜይል ውስጥ ነበር። «እህቴ፣ ገንዘብ ከሆነ ልክፈል፣ ብቻ ክፈችልኝ» እያለች ስትለምነኝ፣ ገንዘብ የሚከፈለው አካል የለም ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ። ዘመድ በውጭ ያላችሁ ይህን አንድ ነገር ብቻ ንገሩልኝ፦ ለመመለስ ስታስቡ ሲሙ በእጃችሁ እያለ ወደ አካውንቱ ገብታችሁ የመልሶ ማግኛውን ቁጥር ወደ ሀገር ቤት ቁጥር ቀይሩ። እዚህ ላለነውም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ አትርሱ። የእናንተን ኮድ የማያውቃችሁ ሰው ምሳ እየበላ ሊያነበው ይችላል።

መድኃኒቱ እዚያው ጂሜይል ውስጥ አለ፤ ሰባት ተኩሉንም በአብዛኛው ያገኘው በዚህ ነው። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከፓስወርዱ ሌላ ኮድም የሚጠይቀውን) ስታበሩ 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣችኋል፤ እያንዳንዳቸው ባለ ስምንት አኃዝ ናቸው፣ እያንዳንዱም አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል። ስልክ ባይኖር፣ ሲም ቢሞት፣ ከፓስወርዱ ጋር አንዷ ኮድ ታስገባለች። እኔ ወረቀት ላይ አትሜ እሰጣለሁ፤ ከፓስፖርት፣ ከልደት ካርድና ከቤት ካርታ ጋር ይቀመጥ እላለሁ። ስልክ ላይ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ ዋጋ የለውም፤ ስልኩ የተሰረቀ ቀን ኮዱም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ ሁለተኛ ኢሜይል፦ የእኅት፣ የልጅ፣ የምታምኑት ሰው አድራሻ በመልሶ ማግኛነት ይመዝገብ። በዚህ ላይ ደንበኞቼ ይሰለቻሉ። «እትዬ፣ እኔ የመጣሁት ለአንድ ፎርም ነው» ይሉኛል። እሺ፣ ለአንዱ ፎርም የተከፈተው ኢሜይል ነው ወር ሳይሞላው የቀጠሮ ለውጥ የሚመጣበት።

ወደ አያያዙ ልለፍ። ጂሜይል እ.ኤ.አ. በአፕሪል 1 ቀን 2004 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሲወጣ 1 ጊጋ ባይት ቦታ እሰጣለሁ ብሎ ብዙ ሰው አፕሪል ዘፉል መስሎት ነበር፤ በዚያን ጊዜ ሆትሜይል የሚሰጠው 2 ሜጋ ባይት ብቻ ነበር። ዛሬ 15 ጊጋ ነው። ብዙ ይመስላል፣ ግን የኢሜይሉ ብቻ አይደለም፤ ጎግል ፎቶስና ጎግል ድራይቭም ከዚሁ ይቀዳሉ። እስከ 2021 አጋማሽ ድረስ ፎቶ በተወሰነ ጥራት ያለ ገደብ ይቀመጥ ነበር፤ ያ ቀርቷል። ከ2024 ወዲህ ደግሞ በአንድሮይድ የዋትስአፕ ባክአፕም (የመጠባበቂያ ቅጂው) ከዚሁ ከ15ቱ ላይ ይቆጠራል።

አብዛኛው «ኢሜይል አልገባ አለኝ» የሚል ደንበኛ ችግሩ እዚህ ነው። ቦታው ሲሞላ ደብዳቤ መላክም መቀበልም ይቆማል፤ የላከላችሁ ሰው ደብዳቤው ተመልሶበት ያያል፣ እናንተ ግን ምንም አይታያችሁም። የስኮላርሺፕ መልስ የሚጠብቅ አንድ ልጅ ትምህርት ቤቱን ሲራገም ቆይቶ መጣ። ከፍተን ስናይ 15ቱም ጊጋ በዋትስአፕ ቪዲዮ ተሞልቷል፦ የሠርግ ጭፈራ፣ የበዓል መልካም ምኞት፣ የቤተሰብ ግሩፕ ላይ አክስት ጠዋት ጠዋት የምትልካቸው ስብከቶች። ዋትስአፕ ውስጥ የባክአፕ ቅንብር ላይ ቪዲዮ አታስቀምጥ የሚለውን መምረጥ፣ ከዚያ ድራይቩን ማጽዳት ነው። ኢሜይሎችን በኮምፒውተር ከሆነ ከመፈለጊያው ሳጥን ጎን ያለውን ምልክት ነክታችሁ በመጠን ማጣራት ትችላላችሁ፤ ከ10 ሜጋ በላይ የሆኑትን ብቻ አውጣ ብትሉት የዱሮ ትልልቅ ዓባሪዎች ሁሉ ይወጣሉ። ከሰረዛችሁ በኋላ ቆሻሻ መጣያውንም ባዶ አድርጉ፣ አለዚያ 30 ቀን እዚያው ተቀምጦ ቦታ ይይዛል። ተጨማሪ ቦታ መግዛትም ይቻላል፤ ዶላር የሚከፍል ካርድ ለሌለው ግን የሚያወላዳ አይደለም፣ ለአብዛኛው ሰውም አያስፈልግም።

ስፓም (አይፈለጌ ደብዳቤ የሚጣልበት ክፍል) ውስጥ ያለ ደብዳቤም እንደዚሁ ከ30 ቀን በኋላ ይጠፋል። የቃለ መጠይቅ ጥሪ እዚያ ሲገኝ ብዙ አይቻለሁ፤ ለብዙ ተቀባይ በአንድ ጊዜ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት ደብዳቤው ቶሎ ይጠረጠራል። መልስ የሚጠብቅ ሰው ስፓሙንና የማስታወቂያ ክፍሉን ቢያንስ በሳምንት አንዴ ይክፈት፤ ካገኘም «አይፈለጌ አይደለም» የሚለውን ነክቶ ላኪውን በአድራሻ ዝርዝሩ ይመዝግብ።

አሁን የምናገረው ደግሞ የውጭ ሰው የጻፈው መመሪያ ላይ አታገኙትም። ስልኩን በሐበሻ ሰዓት የሚሞላ ሰው አለ፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ስልኩም አንድ እንዲል ብሎ በእጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ለመግቢያ ማረጋገጫ የሚሆነው ኦተንቲኬተር የሚባለው መተግበሪያ በየ30 ሴኮንዱ የሚለዋወጥ ባለ ስድስት አኃዝ ኮድ የሚያወጣው በሰዓት ተመሥርቶ ነው። ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ከተዛባ የሚያወጣው ኮድ ሁሉ ስሕተት ነው። ቀኑም የተዛባ እንደሆነ ኢሜይሉ ራሱ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ አልከፈትም ሊል ይችላል። አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ይሄ ስልክ ተበላሽቷል» ብለው መጡ፤ ሰዓቱን ወደ አውቶማቲክ መለስኩላቸውና ሠራ። የሐበሻ ሰዓት ለማየት ራሱን የቻለ መተግበሪያ አለ፤ የስልኩን ሰዓት አትንኩት።

ዶክመንት መላክ ላይ 25 ሜጋ ነው ገደቡ። ከዚያ ካለፈ ጂሜይል ፋይሉን ድራይቭ ላይ አስቀምጦ ሊንክ ይልካል፤ ተቀባዩ ግን ሊንክ የማይከፍት መሥሪያ ቤት ሊሆን ይችላል። ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የሥራ ልምድ፣ መታወቂያ እያንዳንዱን በስልክ ፎቶ አንስቶ አሥራ ሁለት ፎቶ ከመላክ በአንድ ፒዲኤፍ ማድረግ ይሻላል። ሌላ የምወድለት ነገር፦ የተላከን ደብዳቤ ወዲያው መልሶ መጥራት ይቻላል። ዝም ብሎ ሲተው 5 ሴኮንድ ነው የሚሰጣችሁ፤ በኮምፒውተር ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ 30 አድርጉት። ሲቪውን ሳያያይዝ «ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬያለሁ» ብሎ የሚልክ ሰው ስንት እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።

የማልወደው ደግሞ ቀላሉን ገጽ ማጥፋታቸው ነው። ጂሜይል ለደካማ ኢንተርኔት የሚሆን ያለ ጌጥ የሚከፈት ገጽ ነበረው፤ በ2024 መጀመሪያ ላይ ተዘጋ። ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ለእኛ የተሠራ የሚመስለው እሱ ብቻ ነበር። እኔ ለራሴ ሥራ ተንደርበርድ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ላፕቶፔ ላይ ጭኜ ደብዳቤዎቹን አወርዳለሁ፤ መብራትና ኢንተርኔት ቢሄድም ባትሪው እስካለ ድረስ የወረደውን አነባለሁ፣ መልስም ጽፌ አቆያለሁ። ሲመለስ ይልከዋል። የጂሜይሉን አድራሻ ስታስገቡ አብዛኛውን ራሱ ያስተካክላል፤ የመቀበያው በር (ፖርት የሚባለው ቁጥር) 993 መሆኑን ማየት ብቻ ይበቃል።

ስለ ዲቪ ካልተናገርኩ ሰፈሬን ክጃለሁ። ዲቪ የደረሰው ሰው በኢሜይል «ደርሶሃል» ተብሎ አይነገረውም። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ራሱ በመመሪያው እንዲህ ያለ ኢሜይል ፈጽሞ እንደማይልክ ጽፏል። ውጤት የሚታየው ሲሞላ በተሰጠው የማረጋገጫ ቁጥር፣ ራሱ በመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ ነው። «እንኳን ደስ አለዎት፣ ይህን ያህል ዶላር ይላኩ» የሚል ደብዳቤ ሰንደቅ ዓላማውና ንስሩ ቢኖርበትም ሌባ ነው። ይሁን እንጂ ኢሜይሉ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ደርሶት ሁኔታውን በድረ ገጹ ላይ ያየ ሰው የቃለ መጠይቁ ዝርዝር ወጥቷል የሚል ማሳሰቢያ በኢሜይል ሊመጣለት ይችላል። ስለዚህ በደላላ ኢሜይል የተሞላ ዲቪ ቢደርስም ወሬው ቀድሞ የሚደርሰው ለደላላው ነው። እማማ አንዷ ለልጃቸው ሲሞሉ «የኔን ኢሜይል ከየት አመጣለሁ፣ ያንቺን አድርጊው» አሉኝ። እምቢ አልኳቸው፤ ተቆጡኝ። ልጃቸው በራሱ ስልክ ከፍቶ እስኪመጣ ጠበቅን።

ተቆልፎ የመጣ ኢሜይል ላይ የማደርገውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የእኔ ኮምፒውተር ላይ አልሞክርም። ጎግል መልሶ ማግኘት ሲሞከር ከዚህ በፊት የሚያውቀውን ስልክ፣ የሚያውቀውን ቦታና ኢንተርኔት ያያል፤ ሽሮ ሜዳ ያለ የማያውቀው ማሽን ላይ ደጋግሞ መሞከር ጥርጣሬ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ ወደ ቤት እልካቸዋለሁ፦ ድሮ በምትጠቀሚበት ስልክ፣ በቤትሽ ዋይፋይ ሞክሪ። መሳቢያ ውስጥ የተጣለ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ አለ? ያንን ቻርጅ አድርጊው። አካውንቱ እዚያ ላይ ሳይወጣ ቆይቶ ከሆነ «እርስዎ ነዎት?» ብሎ ይጠይቃል፣ አዎ የሚለውን መንካት ነው። የተሰበረ ስልክ ለጥገና ቤት በዕቃነት የሸጡ ሰዎች ይህን ስነግራቸው ጭንቅላታቸውን ይይዛሉ። የድሮ ፓስወርድ ሲጠይቅ በእርግጠኝነት ባታስታውሱትም የሚቀርበውን ጻፉ፤ ጥያቄ አትዝለሉ። ከተሳሳተ በላይ በላዩ አትሞክሩ፣ ጥቂት ቀን ተዉት።

ይህ ሁሉ ካልሆነ አልሆነም። ቴሌግራም ላይ «የጠፋ ኢሜይል እናስመልሳለን» የሚሉት ብር ተቀብለው የሚሰወሩ ናቸው፤ የባሰባቸው ደግሞ ደውለው «አሁን የመጣልህን ኮድ ንገረኝ» ብለው የቀረውንም ይወስዳሉ። ያንን ኮድ ለማንም አትንገሩ፤ ለእኔም ቢሆን። ሱቄ ውስጥ ኮድ ሲገባ ደንበኛው ራሱ ነው የሚጽፈው፣ እኔ ፊቴን አዞራለሁ።

ሌሎቹን በአጭሩ። ያሁ የድሮ ሰው ኢሜይል ነው፤ 12 ወር ካልተገባበት ሊዘጋ ይችላል፣ የገባውን ደብዳቤ ወደ ሌላ አድራሻ በራሱ ማስተላለፍም ከ2021 ጀምሮ በነጻ አይሰጥም። በ2013 በደረሰበት ጠለፋ 3 ቢሊዮን አካውንት መነካቱን ድርጅቱ ራሱ አምኗል። ያለው ይያዘው፣ ፓስወርዱን ግን ከዚያ ወዲህ ያልቀየረ ካለ ዛሬ ይቀይር። አዲስ ግን አልከፍትም። አውትሉክ፣ ማለትም የቀድሞው ሆትሜይል፣ ጥሩ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ዎርድና ኤክሴል ላይ ለሚውል ሰው እንዲያውም ይመቻል። አንድ አመል አለው፦ የደኅንነት መረጃችሁን በሙሉ በአዲስ ከተካችሁ 30 ቀን ያስጠብቃችኋል። ቪዛ ቀጠሮ ያለው ሰው 30 ቀን የለውም። ፕሮቶን ሜይል ምስጢር ለሚፈልግ ሰው ነው፤ ስዊዘርላንድ ነው መቀመጫው፣ ደብዳቤዎቹን ራሱ ድርጅቱም አያነባቸውም። ዋጋውም ያው ነው፦ ፓስወርዱን ረስታችሁ 12 ቃላት ያሉበትን የመልሶ ማግኛ ሐረግ ካላስቀመጣችሁ፣ አካውንቱን መልሳችሁ ብታገኙት እንኳ የድሮ ደብዳቤዎቻችሁ አይነበቡም። ለጋዜጠኛ እመርጥለታለሁ፣ ለእናቴ አልመርጥላትም።

ለአንድ ፎርም ከፍተው ለሚረሱ ደግሞ፦ ጎግል ሁለት ዓመት ያልተነካ አካውንት ሊሰርዝ እንደሚችል አስታውቆ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ሥራ ላይ አውሎታል። በዓመት አንዴ ገብቶ አንድ ደብዳቤ ማንበብ ይበቃል። የተሰረዘ የጂሜይል አድራሻ ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ ይህ መልካም ነው፣ በስማችሁ የሚጽፍ ሌላ አይመጣም። ለባለቤቱም ግን በዚያው አድራሻ አዲስ መክፈት አይቻልም። ከዚህ ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ቅንብር አለ፦ ከ3 እስከ 18 ወር ዝም ካላችሁ አካውንቱ ምን ይሁን፣ ለማን ይነገር የሚለውን አስቀድማችሁ መወሰን ትችላላችሁ፤ እስከ 10 ሰው መመዝገብ ይቻላል። ውጭ አገር ልጅ ያላቸው ወላጆች ይህን ቢያደርጉ ኋላ የባንክና የቤት ወረቀት ፍለጋ ይቀላል። ስነግራቸው ያማትባሉ፤ ያም ሆኖ ያስመዘግባሉ።

ወደ እኔም ቤት ሆነ ወደ ሌላ ለምትሄዱ፦ ስልካችሁን ከነሲሙ፣ ባትሪ ሞልታችሁ፣ ካላችሁ ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በራሳችሁ ቁጥር እንዲከፈት ጠይቁ፣ ፓስወርዱን ራሳችሁ ጻፉ፣ ኮምፒውተሩ «ፓስወርዱን ላስቀምጥ?» ሲል አይሆንም በሉ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ከአካውንቱ ውጡ። መውጣታችሁን ከረሳችሁም ቤት ሆናችሁ በስልካችሁ የጎግል አካውንታችሁ ውስጥ «የእርስዎ መሣሪያዎች» የሚለውን ከፍታችሁ የማታውቁትን ማሽን ማስወጣት ትችላላችሁ። እኔ ለአከፋፈቱ 100 ብር አስከፍላለሁ፤ የ10ሩ ኮድ ወረቀት ከዚያው ነው። ሲም ሳይዝ የመጣ ሰው ካለ አልከፍትለትም፤ ወደ ቤቱ ሄዶ ይምጣ፣ እስከ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ክፍት ነኝ።